ከመርጨት በፊት ማሳን ማየት፦ በጥጥ እርሻ የፀረ-ነፍሳት ኬሚካልን በተቀናጀ የተባይ መከላከል ዘዴ መቀነስ

የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚታወሰው ደጋው ነው። የዞኑ ርዕሰ ከተማ እንጅባራ እና ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ዳንግላ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው፣ ድንች፣ ጤፍ፣ በቆሎና ማር የሚመረትባቸው አካባቢዎች ናቸው። ጥጥ ግን ሙቀት ይፈልጋል። በዚህም ምክንያት በዞኑ ለጥጥ የሚስማማው መሬት የሚገኘው ወደ በለስ ወንዝ ተፋሰስ በሚወርደው ቆላ፣ በተለይም በጃዊ ወረዳ ነው። በዚያ ጥጥ ከሰሊጥ፣ ከማሽላና ከአኩሪ አተር ጋር የገበያ ሰብል ሆኖ ይለማል።

ጥጥ ተባይ የሚበዛበት ሰብል ነው። ቅጠሉ ለስላሳ፣ አበባው የአበባ ማር ያለው፣ ፍሬውም ለረጅም ጊዜ በተክሉ ላይ የሚቆይ በመሆኑ ከቡቃያ እስከ ለቀማ ድረስ ልዩ ልዩ ነፍሳት ይፈራረቁበታል። አርሶ አደሩ ትል ባየ ቁጥር ወደ ኬሚካል መሸጫ መሄዱ የሚያስገርም አይደለም። ሆኖም ኬሚካል በብዛት መርጨት ተባዩን እንደማያጠፋ፣ አንዳንዴም እንደሚያበዛው በኢትዮጵያም ሆነ በጎረቤት አገሮች የታየ ነው። ይህ ጽሑፍ ለዚህ ምክንያት የሚሆነውን ነገር ያስረዳል፤ የርጭትን ቁጥር ምርት ሳይቀንስ መቀነስ የሚቻልበትን መንገድ እንዲሁም ለዚህ የሚያስፈልገውን የባለሙያ አገልግሎት ከየት ማግኘት እንደሚቻል ያመለክታል።

የጥጥ ተባዮች እነማን ናቸው?

ተባዮቹን በሁለት ወገን ከፍሎ ማየት ሥራውን ያቀላል። የመጀመሪያዎቹ የተክሉን ፈሳሽ የሚመጡት ናቸው። ከእነዚህ መካከል ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብ፣ ትሪፕስ፣ ቅጠል ላይ የሚፈናጠሩ ጥቃቅን አረንጓዴ ነፍሳትና ነጭ ዱቄት የተነፋባቸው የሚመስሉት ሚሊበግ ይገኙበታል። ብዙዎቹ የሚታዩት ተክሉ ገና ለጋ ሳለ ነው። ክሽክሽና ነጭ ዝንብ በቅጠሉ ላይ የሚጥሉት የሚያጣብቅ ፈሳሽ ጥጡ በሚፈነዳበት ጊዜ ከደረሰበት ጭረቱን ያቆሽሻል፤ የገበያ ደረጃውንም ዝቅ ያደርጋል።

ሁለተኛዎቹ እምቡጡን፣ አበባውንና ፍሬውን የሚበሉ ትሎች ናቸው። ከሁሉም የከፋው ጓይ ትል ነው። ይህ ትል ጥጥን ብቻ ሳይሆን ሽምብራን፣ ቲማቲምን፣ በቆሎን፣ ማሽላንና ሱፍንም ያጠቃል። እናቲቱ የእሳት እራት በሌሊት እየበረረች በመቶዎች የሚቆጠሩ ዕንቁላሎችን አንድ በአንድ በተክሎች ላይ ትጥላለች። ዕንቁላሎቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈለፈላሉ። ትሉ ትንሽ ሳለ በቅጠልና በእምቡጥ ላይ ይንቀሳቀሳል፤ ሲያድግ ግን ፍሬውን በስቶ ይገባል። ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚረጭ ኬሚካል አያገኘውም። ዕድገቱን ሲጨርስ ወደ አፈር ወርዶ ሙሽሬ ይሆንና ከዚያ ደግሞ እንደገና የእሳት እራት ሆኖ ይወጣል። ይህን የሕይወት ዑደት ማወቅ ትሉን መቼና የት መያዝ እንደሚቻል ያሳያል።

አንድ ርጭት ሌላ ርጭት የሚወልደው ለምንድን ነው?

በጥጥ ማሳ ውስጥ ያሉት ነፍሳት ሁሉ ጠላቶች አይደሉም። ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው ቀያይ ጥንዚዛዎችና እጮቻቸው ክሽክሽን ይበላሉ። መረብ የሚመስል ክንፍ ያላቸው አረንጓዴ ነፍሳት እጮች የክሽክሽና የጓይ ትል ዕንቁላል ያድናሉ። ሸረሪቶች፣ ጉንዳኖችና አዳኝ ትኋኖች ለጋ ትሎችን ይይዛሉ። ጥቃቅን ተርቦች ደግሞ በተባዩ ዕንቁላል ወይም በትሉ አካል ውስጥ የራሳቸውን ዕንቁላል በመጣል ተባዩን ከውስጥ ይገድላሉ። እነዚህ ሁሉ የገበሬው ወዳጆች ናቸው፤ ያለ ደመወዝ ሌትና ቀን ይሠራሉ።

ብዙ ነፍሳትን በአንድ ጊዜ የሚገድል ኬሚካል በተረጨ ጊዜ ተባዩም ወዳጁም አብረው ያልቃሉ። ነገር ግን ሁለቱ እኩል አያገግሙም። ተባዩ ምግቡ ማሳው ሙሉ ጥጥ ስለሆነ፣ መራባቱም ፈጣን ስለሆነ ቶሎ ይመለሳል። ወዳጁ ነፍሳት ግን የሚበላው ተባይ እስኪበዛለት መጠበቅ አለበት። በዚህ መሃል ተባዩ ያለ ጠባቂ ይበዛል። አርሶ አደሩም እንደገና ለመርጨት ይገደዳል፤ ሁለተኛው ርጭት ሦስተኛውን ይጠራል። ቀድሞ ቁጥሩ አነስተኛ የነበረ፣ ጉዳቱም እዚህ ግባ የማይባል የነበረ ተባይ ሳይቀር ጠባቂዎቹ ሲያልቁ ዋና ተባይ ይሆናል።

ሌላው ምክንያት መላመድ ነው። አንድ ዓይነት ኬሚካል ደጋግሞ ሲረጭ ከትሎቹ መካከል በተፈጥሯቸው የሚቋቋሙት ጥቂቶች ይተርፋሉ፤ የሚራቡትም እነሱ ናቸው። ከጥቂት ትውልድ በኋላ ማሳው ኬሚካሉን በሚቋቋሙ ትሎች ይሞላል። አርሶ አደሩ «መድኃኒቱ ሠርቶ ነበር፤ ዘንድሮ ግን አልሠራም» ሲል ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለዚህ ለውጥ ነው። መጠኑን መጨመር ችግሩን አይፈታም፤ የመላመዱን ሂደት ያፋጥነዋል እንጂ።

ለዚህ ሁሉ ቅርብ ምስክር የሚሆነው የሱዳን የገዚራ መስኖ እርሻ ነው። ገዚራ እ.ኤ.አ. በ1925 በተጠናቀቀው የሰናር ግድብ አማካይነት ከአባይ ውሃ የሚጠጣ ሰፊ የጥጥ እርሻ ነው፤ ከአዊ ቆላ የሚወርደው በለስም ወደ አባይ የሚገባ ወንዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በገዚራ ጥጥ በአንድ የምርት ወቅት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይረጭ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ግን ቁጥሩ ወደ ዘጠኝ ገደማ ደረሰ። ወጪው በብዙ እጥፍ አደገ፤ ነጭ ዝንብ ግን ከቀድሞው ይልቅ በረታ። ከዚያ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ድጋፍ የተቀናጀ የተባይ መከላከል ሥራ ተጀመረ። አንዳንድ ኬሚካሎች ታገዱ፤ ርጭት የሚጀመርበት የተባይ ቁጥር ከፍ እንዲል ተደረገ፤ የርጭቱም ብዛት ቀነሰ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ችግሩ ኬሚካሉ ማነሱ ሳይሆን መብዛቱ ነበር።

የተቀናጀ የተባይ መከላከል ዘዴ ምን ማለት ነው?

የተቀናጀ የተባይ መከላከል ማለት ኬሚካልን ፈጽሞ መተው ማለት አይደለም። ተባዩ እንዳይበዛ አስቀድሞ መከላከል፣ ማሳውን በየጊዜው እየተዘዋወሩ ማየት፣ ወዳጅ ነፍሳትን መጠበቅና ኬሚካልን የመጨረሻ አማራጭ ማድረግ ነው። ሥራው በአንድ ብልሃት ላይ አይቆምም፤ አንዱ ሲጎድል ሌላው እንዲሞላው ሆኖ ይደራጃል። ዓላማው ተባይን ከምድረ ገጽ ማጥፋት ሳይሆን ጉዳቱ ከመከላከያው ወጪ በታች እንዲሆን ማድረግ ነው።

ለዚህ አስተሳሰብ የጥጥ ተክል ራሱ ይረዳል። ጥጥ ሊያሳድገው ከሚችለው በላይ እምቡጥ ያወጣል፤ ተባይ ባይነካው እንኳ ከእምቡጡና ከለጋ ፍሬው ብዙውን በራሱ ያረግፋል። በወቅቱ መጀመሪያ ጥቂት እምቡጥ ቢበላበት በሌላ ይተካል። ስለዚህ መሬት ላይ የረገፈ እምቡጥ ማየት ብቻውን ለርጭት ምክንያት አይሆንም። የረገፈውን አንስቶ ትል የበሳው ቀዳዳ እንዳለው መመልከት ያስፈልጋል።

ከመዝራት በፊትና በዘር ወቅት የሚሠሩ ሥራዎች

የተባይ መከላከል የሚጀመረው ያለፈው ዓመት ጥጥ ተለቅሞ እንዳለቀ ነው። በማሳው ላይ የቀረ የጥጥ አገዳና ያልተለቀመ ፍሬ ለሮዝ ጓይ ትልና ለሚሊበግ መጠለያ ስለሚሆን ከለቀማ በኋላ መነቀልና መወገድ አለበት። ማሳውን ጠለቅ አድርጎ ማረስ በአፈር ውስጥ ያሉትን የጓይ ትል ሙሽሬዎች ለፀሐይ፣ ለወፍና ለጉንዳን ያጋልጣል።

ጥጥን በአንድ መሬት ላይ ዓመት ከዓመት መዝራት ተባዩን እዚያው ማኖር ነው። ከማሽላ፣ ከሰሊጥ ወይም ከሌላ ሰብል ጋር ማፈራረቅ የብዙ ተባዮችን ኑሮ ያቋርጣል። ጓይ ትል ብዙ ሰብል የሚበላ በመሆኑ ግን ማፈራረቅ ብቻውን አይበቃውም፤ ከሌሎቹ ሥራዎች ጋር መጣመር ይኖርበታል።

የአንድ ጎጥ አርሶ አደሮች በተቀራረበ ጊዜ መዝራታቸው ትልቅ ጥቅም አለው። አንዱ በሰኔ፣ ሌላው በነሐሴ ቢዘራ ተባዩ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ለወራት ለጋ እምቡጥ ያገኛል። በአንድነት ሲዘራ ግን የተባዩ የምግብ ወቅት ያጥራል። ከዚህ በተጨማሪ የተመሰከረለት ንጹሕ ዘር መጠቀም፣ ተክሉን ከመጠን በላይ አለማጠጋጋት፣ አረምን በወቅቱ ማረምና የናይትሮጂን ማዳበሪያን አለማብዛት ያስፈልጋል። ናይትሮጂን የበዛበት ጥጥ ቅጠሉ ለስላሳና ጥቁር አረንጓዴ ስለሚሆን ፈሳሽ መጣጮችን ይስባል።

በጥጡ ዳር ወይም በመካከሉ በመስመር የሚዘራ በቆሎና ማሽላ ሁለት አገልግሎት ይሰጣል። የጓይ ትል እናት ዕንቁላሏን በእነዚህ ላይ መጣል ስለምትወድ ወጥመድ ይሆናሉ፤ አዳኝ ነፍሳትም እዚያ ተጠልለው ወደ ጥጡ ይሻገራሉ። በወጥመድ ሰብሉ ላይ የተጠራቀመው ትል ተለቅሞ መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ ወጥመዱ ራሱ የተባይ መራቢያ ይሆናል።

የማሳ አሰሳ

የዘዴው ልብ አሰሳ ነው። አርሶ አደሩ ወይም የቤተሰቡ አባል ጥጡ ከበቀለ ጀምሮ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ እምቡጥና አበባ በሚይዝበት ጊዜ ደግሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ ማሳውን ቢያይ ተገቢ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ የተሻለ ጊዜ ነው።

አሰሳው እንዲህ ይካሄዳል። ከማሳው ዳር ጥቂት እርምጃ ወደ ውስጥ ከተገባ በኋላ ማሳውን በማቋረጥ አምስት ቦታ ይመረጣል። በየቦታው 10 ተክል፣ በጠቅላላው 50 ተክል ይታያል። የላይኛው ጫፍ፣ የቅጠሉ ጀርባ፣ እምቡጡ፣ አበባውና ፍሬው አንድ በአንድ ይመረመራል። የተገኘው ተባይ፣ የተገኘው ወዳጅ ነፍሳትና የተበላው ፍሬ ለየብቻ ይቆጠራል። መጻፍ ለማይመቸው ሰው ቀላል ዘዴ አለ፤ ለአንድ ተባይ አንድ የበቆሎ ፍሬ በአንድ ኪስ፣ ለአንድ ወዳጅ አንድ የባቄላ ፍሬ በሌላ ኪስ እየከተቱ በመጨረሻ መቁጠር ይቻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ውሳኔ ነው። ለእያንዳንዱ ተባይ ርምጃ የሚወሰድበት መነሻ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ እንደ አካባቢው፣ እንደ ሰብሉ ዕድሜና እንደ ጥጡ ዋጋ ስለሚለያይ ከወረዳው የሰብል ጥበቃ ባለሙያ መጠየቅ ይኖርበታል። ለአብነት ያህል ባለሙያው የሰጠው መነሻ በ100 ተክል 20 ለጋ ጓይ ትል ነው ቢባል በ50 ተክል 10 ይሆናል ማለት ነው። በአሰሳው 4 ትል ብቻ ከተገኘ፣ ሸረሪቶችና ጥንዚዛዎችም በብዛት ካሉ መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ ማየት ይበቃል። 12 ትል ከተገኘና ወዳጅ ነፍሳት ከሌሉ ግን ትሉ ፍሬ ውስጥ ሳይገባ ፈጥኖ ርምጃ መውሰድ ያስፈልጋል።

በአነስተኛ ማሳ ላይ ትልን በእጅ መልቀም የሚናቅ ሥራ አይደለም። የተበሳ እምቡጥና ፍሬ ለቅሞ ከማሳው ማውጣት በውስጡ ያለው ትል ሌላ ፍሬ እንዳያጠቃ ያደርጋል።

ከአርባ ምንጭ የተገኘ ልምድ

በኢትዮጵያ የዚህን ዘዴ ውጤት ለማየት የሚያስችል ጥሩ ምሳሌ በደቡብ ኢትዮጵያ በአርባ ምንጭ ዙሪያ ይገኛል። በዚያ ፓን ኢትዮጵያ የተባለው አገር በቀል ድርጅት ከውጭ አጋሮቹ ጋር በመሆን ከአነስተኛ ጥጥ አምራቾች ጋር የገበሬ የመስክ ትምህርት ቤት አካሂዷል። አርሶ አደሮች በየሳምንቱ በማሳ ላይ እየተሰበሰቡ ተባይና ወዳጅ ነፍሳትን መለየትና መቁጠር ተምረዋል፤ መርጨት አለመርጨትንም ተወያይተው ወስነዋል።

ከተሞከሩት ብልሃቶች አንዱ ለወዳጅ ነፍሳት ምግብ መርጨት ነው። በአውስትራሊያ የጥጥ እርሻ የተጀመረውን ይህን ዘዴ በአገር ውስጥ በቀላሉ ከሚገኝ ነገር፣ በተለይም ከቢራ ፋብሪካ ከሚወጣ እርሾ ለማዘጋጀት ተችሏል። ምግቡ በጥጡ ላይ ሲረጭ ሽታው ጥንዚዛዎችንና ሌሎች አዳኝ ነፍሳትን ከአካባቢው ይጠራል፤ እነሱም ተባዩ ገና ጥቂት ሳለ በማሳው ይሰፍራሉ። በሙከራው የተሳተፉ አርሶ አደሮች የኬሚካል ርጭትን ትተው ወይም በእጅጉ ቀንሰው ጥሩ ምርት ማግኘት ችለዋል። ከዚህ ልምድ የሚወሰደው ዋና ነገር የእርሾው ቅመማ ብቻ አይደለም። ገበሬው የማሳውን ነፍሳት ስም፣ መልክና ሥራ ሲያውቅ ውሳኔው እንደሚለወጥ ያሳያል።

በቆላማ አካባቢዎች የሚበቅለው የኒም ዛፍም ይጠቅማል። ግማሽ ኪሎ ግራም የተፈለፈለና የተወቀጠ የኒም ፍሬ በ10 ሊትር ውሃ ውስጥ አድሮ፣ በጨርቅ ተጠልሎ ወደ ማታ ሊረጭ ይችላል። ኒም ትሉን ወዲያውኑ አይገድልም፤ ምግብ ያስጠላዋል፣ ዕድገቱንም ያስተጓጉላል። በመሆኑም ትሉ ለጋ ሳለ መረጨት አለበት። የፀሐይ ብርሃን ኃይሉን ስለሚያደክመው በተዘጋጀበት ዕለት መጠቀም ያሻል።

ባለ ቢቲ ጥጥና የተቀናጀው ዘዴ

ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. ባለ ቢቲ የጥጥ ዝርያዎች ለምርት እንዲውሉ ፈቅዳለች። እነዚህ ዝርያዎች ጓይ ትልን የሚጎዳ ፕሮቲን በራሳቸው ውስጥ ያመርታሉ። ይሁን እንጂ ክሽክሽን፣ ነጭ ዝንብንና ሌሎች ፈሳሽ መጣጮችን አይከላከሉም፤ ትሉም ውሎ አድሮ ፕሮቲኑን ሊላመድ ይችላል። ስለዚህ ማንኛውንም ዝርያ የዘራ አርሶ አደር ከአሰሳ፣ ከሰብል ማፈራረቅና ወዳጅ ነፍሳትን ከመጠበቅ ነፃ አይሆንም።

መርጨት ግድ ሲሆን

አሰሳው ርጭት እንደሚያስፈልግ ካሳየ ምርጫው በጥንቃቄ መደረግ አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ጥጡ ማበብ ከመጀመሩ በፊት፣ ብዙ ነፍሳትን በአንድ ጊዜ የሚገድሉ ኬሚካሎችን ከመርጨት መቆጠብ ከሁሉ ይቀድማል። በዚያን ጊዜ የሚጠፋው ወዳጅ ነፍሳት ጓይ ትል በሚመጣበት ጊዜ አይገኝምና። ከዚያ በኋላም ቢሆን የታለመውን ተባይ ብቻ የሚጎዳ ኬሚካል መምረጥ፣ በተከታታይ ርጭቶች አንድ ዓይነት የኬሚካል ቤተሰብን አለመደጋገምና ተባዩ ባለበት የማሳ ክፍል ብቻ መርጨት ይገባል። የንግድ ስሙ የተለየ ሆኖ ውስጡ አንድ ዓይነት ኬሚካል ያለው ምርት ስለሚኖር በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የኬሚካሉን ስም ማስነበብ ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ ሊሸጥና በጥቅም ላይ ሊውል አይችልም። ከዋናው ማሸጊያ ወጥቶ በውሃ ላስቲክ ወይም በፌስታል የተቀዳ ኬሚካል ምንነቱም መጠኑም አይታወቅም፤ ዋጋው ቢረክስም መገዛት የለበትም። በማሸጊያው ላይ ያለው የቀለም ምልክት የአደጋውን ደረጃ ይናገራል። ቀይ እጅግ አደገኛ፣ ቢጫ ከዚያ የሚቀጥል፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ደግሞ በቅደም ተከተል አነስ ያለ አደጋ ያላቸው መሆኑን ያመለክታሉ። አረንጓዴ ማለት ግን ምንም ጉዳት የለውም ማለት አይደለም።

የሚረጨው ሰው ጓንት፣ ቦቲ ጫማ፣ እጅጌው ረጅም ልብስ፣ የዓይን መከለያና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ሊኖረው ይገባል። ነፋስ ባለበት ሰዓት አይረጭም፤ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞም አይረጭም። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴቶች ከሥራው መራቅ አለባቸው። በወንዝና በምንጭ ዳር መርጨት፣ መርጫውንም በወንዝ ማጠብ ከታች ያለውን ሰውና ከብት መጉዳት ነው። ባዶ ዕቃ ሦስት ጊዜ ታጥቦ እጣቢው ወደ መርጫው ይጨመራል፤ ዕቃው ተበስቶ ከአገልግሎት ውጪ ይሆናል። የኬሚካል ጀሪካን ለውሃ፣ ለጠላ ወይም ለዘይት መያዣ ማድረግ ሕይወት ያስከፍላል።

ከረጨ በኋላ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብዙ ላብ፣ የምራቅ መብዛት ወይም የዓይን መደብዘዝ የተሰማው ሰው ሥራውን ወዲያውኑ አቁሞ ልብሱን ማውለቅና ሰውነቱን በሳሙናና በውሃ መታጠብ አለበት። ከዚያም ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባዋል። ለሐኪሙ እንዲያሳይ የኬሚካሉን ማሸጊያ ይዞ መሄድ ይኖርበታል። ማስታወክን ለማስገደድ መሞከርም ሆነ ወተት ማጠጣት የሕክምና ምትክ አይደለም።

ከሚያስፈልገው በላይ የተገዛ ኬሚካል በመጋዘንም አደጋ ነው። ኢትዮጵያ ለአሥርተ ዓመታት የተጠራቀመና ጊዜው ያለፈበት ፀረ-ተባይ ነበራት፤ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በተካሄደ ሥራ ከ1,000 ቶን በላይ የሚሆነው ተሰብስቦ በከፍተኛ ሙቀት እንዲቃጠል ወደ ፊንላንድ ተልኳል። ለአንድ ወቅት ከሚበቃው በላይ አለመግዛት ለቤተሰቡም ለአገርም ይጠቅማል።

ለደጋው ማሳና ለንብ አናቢው

ጥጥ ባይዘራም የእንጅባራና የዳንግላ አካባቢ አርሶ አደር ከዚህ ዘዴ የሚወስደው አለ። በመስኖ በሚለማ ሽንኩርት ላይ ትሪፕስ፣ በቲማቲም ላይ ጓይ ትልና እ.ኤ.አ. በ2012 በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ፣ በበቆሎ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ አገሪቱ የገባው ተምች መሰል የአሜሪካ መጤ ትል አሉ። በሁሉም ላይ መንገዱ አንድ ነው፦ መከላከል፣ ማየት፣ መቁጠር፣ በእጅ መልቀም፣ ወዳጅ ነፍሳትን መጠበቅ፣ በመጨረሻም አስፈላጊ ከሆነ ብቻ መርጨት። ለምግብ በሚውል አትክልት ላይ ደግሞ ከርጭት እስከ ለቀማ መቆየት ያለበት የቀን ብዛት በማሸጊያው ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ መከበር አለበት።

አዊ የማር አገር በመሆኑ ጉዳዩ ንብ አናቢውንም ይነካል። በቀን፣ አበባ ላይ የሚረጭ ኬሚካል የጎረቤትን ቀፎ ባዶ ያደርጋል። ርጭት ግድ ከሆነ ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ፣ ወደ ምሽት መሆን ይኖርበታል። ከአንድና ከሁለት ቀን በፊት ለንብ አናቢ ጎረቤቶች መንገርም ተገቢ ነው፤ ቀፏቸውን እንዲያርቁ ወይም ለአጭር ጊዜ እንዲዘጉ ያስችላቸዋል።

አገልግሎት ለማግኘት

በማሳው ላይ የማያውቀው ተባይ የገጠመው አርሶ አደር በመጀመሪያ የሚሄደው በቀበሌው ወዳለው የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ነው። የልማት ሠራተኛው ተባዩን ለመለየት፣ አሰሳውን ለማሳየትና የመነሻውን ቁጥር ለመንገር ይረዳል። በአዊ ብዙው አርሶ አደር የሚናገረው አገውኛ በመሆኑ ማብራሪያውን በቋንቋው መጠየቅ ይችላል።

ወደ ባለሙያ ሲኬድ የተጎዳውን የተክል ክፍልና ከተቻለ ተባዩን ራሱን በክዳን ባለው ዕቃ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። መቼ እንደተዘራ፣ ምን ዓይነት ዘር እንደሆነ፣ ጉዳቱ መቼ እንደታየ፣ ከዚህ በፊት ምን ኬሚካል ስንት ጊዜ እንደተረጨ መናገር ለትክክለኛ ምክር መሠረት ነው።

በቀበሌ ያልተፈታ ጉዳይ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወዳለው የሰብል ጥበቃ ባለሙያ፣ ከዚያም በእንጅባራ ወደሚገኘው የዞኑ ግብርና መምሪያ ይቀርባል። በባሕር ዳር የሚገኘው የዕፅዋት ጤና ክሊኒክ ናሙና ለመመርመር ያገለግላል። ለጃዊ ቆላ በሥነ ምኅዳር የሚቀርበው በመተከል ዞን ያለው የፓዌ ግብርና ምርምር ማዕከል ሲሆን፣ በጥጥ ምርምር ረጅም ልምድ ያለው ደግሞ በአፋር ክልል የሚገኘው የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ፀረ-ተባይ መመዝገቡን ለማረጋገጥና ሕገ-ወጥ ሽያጭን ለመጠቆም የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የሚመለከተው አካል ነው፤ ጥቆማውን በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ማቅረብም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው 8028 ነፃ የስልክ መስመር በአማርኛና በሌሎች የአገር ውስጥ ቋንቋዎች የግብርና መረጃ ለመስጠት የተቋቋመ ነው።

አንድ አርሶ አደር ብቻውን ርጭት ቢቀንስ ይጠቀማል፤ ጥቅሙ ሙሉ የሚሆነው ግን ጎረቤቶቹ አብረውት ሲሠሩ ነው። በአንድነት የዘሩ፣ የጥጥ አገዳቸውን በአንድነት ያስወገዱ፣ ያዩትንም ተባይ እርስ በርስ የተነጋገሩ አርሶ አደሮች ለወዳጅ ነፍሳት ሰፊ መጠጊያ ያበጃሉ። በመሆኑም በጥጥ አብቃይ ቀበሌዎች የሚኖሩ አርሶ አደሮች ከመጪው የዘር ወቅት በፊት ከ20 እስከ 30 ሆነው ተደራጅተው የመስክ ትምህርት እንዲሰጣቸው ለቀበሌያቸው የልማት ሠራተኛ ጥያቄ ቢያቀርቡ፣ ሥልጠናው ከዘር እስከ ለቀማ በራሳቸው ማሳ ላይ እንዲካሄድ ለማድረግ ያመቻል።